የጥንት ቤዝቦል ወርዋሪን የሥራ ዘመን እንዴት እንመርምር
በ19ኛው መቶ ዘመን በአሜሪካ የተጫወተን የቤዝቦል ወርዋሪ (ኳሱን ለተቃራኒው ቡድን መቺ የሚወረውር ተጫዋች) የሥራ ዘመን የሚመረምር ሰው፣ ድሎቹን ከመቁጠሩ በፊት በየትኛው ሕግ እንደወረወረ ማጣራት ይኖርበታል። ከአሜሪካ ዋና ዋና የቤዝቦል ሊጎች አንዱ የሆነው ናሽናል ሊግ ክንድን ከትከሻ በላይ አንሥቶ መወርወርን የፈቀደው በ1884 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ነው።

ከወርዋሪው እስከ መቺው ሰሌዳ (ሆም ፕሌት) ያለውን ርቀትም ልብ ይበሉ። በ1893 ወደ 60 ጫማ ከ6 ኢንች ሲለወጥ 10 ጫማ ያህል ተጨመረ ብለው የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን የቀድሞው 50 ጫማ የሚለካው እስከ መወርወሪያው ሳጥን (ወርዋሪው የሚቆምበት በመስመር የተከለለ ቦታ) የፊት መስመር ስለነበረና ወርዋሪው ከ1887 ጀምሮ የኋላ እግሩን በ55 ጫማ ከ6 ኢንች ላይ ያሳርፍ ስለነበር፣ እውነተኛው ጭማሪ 5 ጫማ ብቻ ነው።

ቀጥሎ አንድ የውድድር ዓመት መርጠው በዝርዝር ይመልከቱ። ወርዋሪው ቻርልስ ራድቦርን በ1884 ለፕሮቪደንስ ቡድን 73 ጨዋታዎችን ጀምሮ ሁሉንም ራሱ ጨርሷል፤ ከ678 ኢኒንግ (ሁለቱ ቡድኖች በየተራ የሚመቱበት የጨዋታ ክፍል) በላይም ወርውሯል፤ ዛሬ ይህን የሚሞክር ክንድ የለም። ድሉን አንዱ መዝገብ 59፣ ሌላው 60 ይለዋል፤ ድል ለየትኛው ወርዋሪ እንደሚቆጠር የሚወስነው ደንብ ገና አልጸናም ነበርና አንዱን ስሕተት ነው ብለው ለማረም አይቸኩሉ። ከዚያም እስከ 1891፣ የመጨረሻ ዓመቱ ድረስ፣ የወረወራቸውን ኢኒንጎች ከዓመት ዓመት ያነጻጽሩ።