መንገድ ላይ ጠብ ቢመጣብህ፦ ሳትጎዳ ቤትህ የምትገባው እንዴት ነው?

ሐዋሳ ሰው ሳይበተን ሰላም ናት። ፍቅር ሐይቅ ዳርም ሆነ ፒያሳ፣ ሰው እስካለ ድረስ ብዙም አያሳስብም። ነገር የሚበላሸው ሲመሽ ነው፤ ባጃጅ ሲጠፋ፣ ከዋናው አስፋልት ተገንጥለህ ወደ ሰፈር የሚወስደውን ኮብልስቶን ስትይዝ፣ ወይም መጠጥ ቤት በር ላይ ሁለት ሰው ተፋጦ ስታገኝ። ይህን የምጽፈው እዚያ ሰዓት ላይ እዚያ ቦታ ለሚገኝ ሰው ነው። ቦክሰኛ መሆን አይጠበቅብህም።

ስልክ ላይ የሚዞሩትን ቪዲዮዎች እርሳቸው። አንዱ ቢላ ይዞ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ሌላው እጁን ጠምዝዞ ያስጥለዋል፣ አለቀ። መንገድ ላይ ማንም ቀስ ብሎ አይመጣብህም። የሚመጣው ሰው ወይ ሰክሯል ወይ ተናዷል። ያንተም ልብ ይደልቃል፣ ጣትህ ይንቀጠቀጣል፣ ከፊትህ ካለው ሰው ሌላ ምንም አይታይህም። ፈሪ ስለሆንክ አይደለም፤ አድሬናሊን ሥራውን እየሠራ ነው። እንዲህ በሆንክበት ሰዓት የሚሠራልህ ቀላል ነገር ብቻ ስለሆነ፣ እዚህ የምነግርህም ቀላል ቀላሉን ነው።

መጀመሪያ ሰው የሚገድለውን እወቅ። «በአንድ ቡጢ ሞተ» ሲባል ትሰማለህ። አብዛኛውን ጊዜ የገደለው ሰውየው ራሱን ስቶ ሲወድቅ ጭንቅላቱን የመታው ኮብልስቶን ወይም የመንገዱ ጠርዝ ነው። ይህ ላንተም ለእሱም ያው ነው። ወይ አንተ ወድቀህ ትሞታለህ፣ ወይ ገፍትረኸው ይሞትና ወጣትነትህን እስር ቤት ትጨርሳለህ፣ ያውም በባጃጅ ሒሳብ። መሸሽ ከተቻለ ሽሽ የምለው ለዚህ ነው። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ? እናትህ ትፈልግሃለች።

ጠቡ የዝርፊያ ከሆነ ነገሩ አጭር ነው። ሞባይል አምጣ ካለህ ስጠው። ከቻልክ እጁ ላይ አታስቀምጥለት፤ ወደ ጎን ወርውረውና አንተ በሌላው በኩል ሩጥ። ሊያነሳ ሲጎነበስ ርቀሃል። ስልክ ይተካል።

የሚከብደው የክብሩ ጠብ ነው። «ምን ታፈጣለህ?» ይልሃል። እዚህ ላይ የምትመልሳት አንዲት ቃል ቀሪውን ትወስናለች። «ምን ታመጣለህ?» ካልክ አበቃ፤ ጓደኞቹ እያዩት ነው፣ አብራው ሴት ካለች ደግሞ ባሰ፣ አንተም የሚያፈገፍግበትን በር ዘጋህበት። «ይቅርታ ወንድሜ፣ የማውቀው ሰው መስለኸኝ ነው» በለው። መሳደቡን ቢቀጥልም «እሺ፣ ልክ ነህ» በልና እግርህን አንቀሳቅስ። እናቱን አታንሳበት። ብሔሩን አታንሳበት። ጣትህን አትቀስርበት። ጀርባህን ግን ወዲያው አትስጠው፤ እያየኸው ወደ ጎን ወደ ጎን ራቅ፣ ከዚያ ሂድ።

ሊመታህ እንደሆነ በምን ታውቃለህ? ሲጮህ የነበረ ሰው ድንገት ዝም ካለ ተጠንቀቅ። ግራና ቀኝ ከገላመጠ ማን እንደሚያየው እየቃኘ ነው። አንድ እግሩን ወደ ኋላ ከሳበ፣ ጥርሱን ከነከሰ፣ «ምን አልክ?» እያለ መልስ ሳይጠብቅ ከተጠጋህ፣ ቡጢው መንገድ ላይ ነው። አንድ እጁ ከጭኑ ኋላ ወይም ከጃኬቱ ሥር ከጠፋ ደግሞ ስለት ይዟል ብለህ አስብ።

ርቀት ከሁሉም ይበልጣል። ክንዱን ዘርግቶ የሚነካህ ከሆነ ቡጢውን አይተህ አታመልጥም፤ ዓይንህ አይቶ እጅህ እስኪንቀሳቀስ ሩብ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፣ ቡጢው እስከዚያ ደርሷል። አንድ እርምጃ ሳይራመድ የማይደርስብህ ቦታ ላይ ቁም። ሲጠጋ ወደ ጎን እያልክ ራቅ። ቀጥ ብለህ ወደ ኋላ አትሂድ፤ ሰፈር ውስጥ ክዳን የሌለው የውሃ መውረጃ ቦይ አይጠፋም፣ እዚያ ውስጥ ከገባህ ጠቡ አለቀብህ።

እጅህን ደረትህ ፊት አንሳ። መዳፍህ ወደ እሱ ይከፈት፣ ክርንህ ጎንህን ይጠጋ፤ ሰው «ተረጋጋ እስቲ» ሲል እንደሚያደርገው። ይህ አቋም ብዙ ይጠቅምሃል። ለሚያይህ ሰው ጠቡን ያልፈለግከው አንተ ነህ፤ የእሱ እጅ ወደ ፊትህ ሲመጣ ያንተ እጅ መሃል ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ መምታት ግድ ከሆነም ከዚያው ይነሳል። እጅህን ኪስህ ውስጥ ከትተህ ወይም ደረትህ ላይ አጣምረህ የምትከራከር ከሆነ ግን ፊትህን አስረክበሃል።

አፍህንም ተጠቀምበት። «ወንድሜ፣ ጠብ አልፈልግም! ራቅ በልልኝ!» በል፣ ሰው እንዲሰማ ጮክ ብለህ። «በሕግ አምላክ!» ማለትም ዛሬም ይሠራል፤ በተለይ ትልልቅ ሰዎች ባሉበት ሰፈር ይህን ሰምቶ ብቅ የሚል አይጠፋም።

አሁን ስለ ገላጋይ ላንሳ፣ ይህ ከምንም በላይ ያስጨንቀኛል። እኛ አገር ጠብ ሲነሳ ሰው ለመገላገል ይሮጣል፣ ደግ ነገር ነው። ግን ገላጋይ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ለመያዝ የሚቀለውን፣ ማለትም ጸጥ ያለውን ነው። ከኋላህ መጥቶ ሁለት ክንድህን ከጎንህ ጋር አቅፎ ጥርቅም ያደርግሃል፣ «ተው፣ ተው በቃ» እያለ በጆሮህ ያወራል፣ ያኛው ሰውዬ ግን ያልተያዘ ነው፤ ያችን ሰዓት ጠብቆ ፊትህ ላይ ያሳርፍብሃል፣ አንተ መከለያ እጅ የለህም። ስለዚህ ሰው መሰብሰብ ሲጀምር ጀርባህን ለግድግዳ ወይም ለቆመ መኪና ስጥ። ከኋላ ሊይዝህ የመጣውን «እኔ ሄጃለሁ፣ እሱን ያዙት!» በለው። ከያዘህም አገጭህን ደረትህ ላይ ቅበርና ዙር፤ ገላጋዩ በአንተና በሰውየው መሃል እስኪሆን ድረስ ዙር። አንተ ገላጋይ ከሆንክ ደግሞ እባክህ፣ የሚፎክረውን ያዝ። ፊት ለፊቱ ቁም፣ ደረቱን ወደ ኋላ ግፋ፣ ሌላው እንዲሄድ መንገድ ክፈት። የማንንም እጅ ከኋላ አትሰር።

ሁሉም አልሆን ብሎ መምታት ግድ ሲሆን ጭንቅላት ላይ ቡጢ አትሰንዝር። የራስ ቅል ጠንካራ ነው፣ የእጅህ አጥንቶች ቀጫጭን ናቸው፤ በተለይ በትንሿ ጣት በኩል ያለው ቶሎ ይሰበራል። የሰው ጥርስ የላጠው እጅም ክፉኛ ያመረቅዛል። በመዳፍህ ምታ፣ ከእጅ አንጓህ አጠገብ ባለው ወፍራሙ ክፍል፣ አገጩን ወይም አፍንጫውን፣ ከታች ወደ ላይ። ከተጠጋህ ክርን አለህ። ካልቾ ከጉልበት በላይ አታንሳ፤ አንድ እግር ላይ ቆመህ ኮብልስቶን ላይ መንሸራተት ማለት መውደቅ ነው። ቅልጥሙን በጫማህ ምታው። ብልት መምታት ሁልጊዜ የሚሠራ የሚመስላቸው አሉ፤ ወንድ ሁሉ ሳያስብ የሚከላከለው ቦታ ነው፣ የሰከረ ሰው ደግሞ ወዲያው ላይሰማው ይችላል፣ ስለዚህ በእሱ ብቻ አትተማመን። ሁለት ሦስቴ በተከታታይ መትተህ ሲደናገር ሩጥ። ቆመህ አትይ።

ኮሌታህን በሁለት እጁ ጨምድዶ ከሳበህ ቴስታ ሊመታህ ነው። አገጭህን ወደ ታች፣ አንድ ክንድህን አግድም በደረቱና በአንተ መሃል፣ ከዚያ ፊትህን ወደ ጎን። አፍንጫህ ግንባሩን ማግኘት የለበትም።

ማጅራት መቺ ከኋላ አንገትህን በክንዱ ካነቀህ ለመምታት አትቸኩል። ወደ ጭንቅላትህ የሚሄደው ደም ከታገደ በአስር ሰከንድ አካባቢ ራስህን ልትስት ትችላለህ። ሁለት እጅህን ክንዱ ላይ አንጠልጥለህ ወደ ታች ሳብ፣ አገጭህን ወደ ክርኑ እጥፋት አዙረህ አስገባ፣ ወገብህን ዝቅ አድርግ። አየር ስታገኝ በተረከዝህ እግሩን ርገጥ፣ በክርንህ ጎኑን ምታ፣ ተንሸራተህ ውጣ። ታንቆ የተረፈ ሰው አንገቱ ላይ ምንም ምልክት ባይታይም ሐኪም ይየው።

መውደቅ ካልቀረ አገጭህን ደረትህ ላይ ለጥፍ፤ የጭንቅላትህ ኋላ መሬት እንዳይመታ። እጅህን ቀጥ አድርገህ ወደ ኋላ አትዘርጋ፣ ይሰበራል። መሬት ላይ ከሆንክ ጉልበትህን ወደ ሆድህ፣ ክንዶችህን ጭንቅላትህ ዙሪያ፣ ጫማህን ወደ እሱ። እየረገጥክ አርቀውና አንድ እጅህን ተመርኩዘህ ተነስ። ብዙ ከሆኑ መሬት ላይ መቆየት ሞት ነው። ቆመህም ቢሆን መሃላቸው አትግባ፤ አንዱ ለሌላው መጋረጃ እንዲሆን ዳር ዳሩን ዙር፣ ክፍተት ስታገኝ ብርሃን ወዳለበት ሩጥ። ሐዋሳ ሜዳ ናት፣ ሩጫ ይመቻል። ሆቴል በር ላይ ጥበቃ አለ፣ ባጃጅ ተራ ላይ ሰው አለ፣ እዚያ ግባ።

ስለት ካየህ ያለህ ምርጫ እግርህ ነው። መሮጥ ካልቻልክ መሃላችሁ ዕቃ ይግባ፤ ቦርሳ፣ ወንበር፣ የቆመ ባጃጅ። ቢላ ማስጣል አትሞክር። የተወጋ ሰው ብዙ ጊዜ በቡጢ የተመታ ነው የሚመስለው፣ ስለዚህ ካመለጥክ በኋላ ብርሃን ላይ ቆመህ ሆድህን፣ ጎንህን፣ ብብትህን በእጅህ ዳብስ። አንተም ሴንጢ ይዘህ አትዙር፤ የያዝከውን ታወጣዋለህ፣ ከዚያ የቃል ጠብ የነበረው የግድያ ጉዳይ ይሆናል።

ከኢንዱስትሪ ፓርኩ በማታ ፈረቃ ለምትወጡ እህቶቼ ጥቂት ልጨምር። በቡድን ሂዱ፣ አቋራጭ ይቅርባችሁ፣ አንድ ጆሯችሁ ከኢርፎን ነጻ ይሁን። የእጅሽን አንጓ ከያዘሽ በአውራ ጣቱ በኩል መንጭቂ፤ እጁ የሚከፈተው በዚያ ነው። ፀጉርሽን ከያዘሽ አትጎትቺ፤ እጁን በሁለት እጅሽ ጭንቅላትሽ ላይ ተጫኚና ወደ እሱ ተጠጊ፣ ሕመሙ ይቀንሳል፣ ቅልጥሙንም በእግርሽ ታገኚዋለሽ። «ሌባ!» ብለሽ ጩኺ፤ ለዚህ ቃል ሰፈሩ ይወጣል።

ሕጉንም እወቅ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራስህን ወይም ሌላ ሰውን ሕገ ወጥ ከሆነ ጥቃት ስትከላከል አትቀጣም ይላል፤ ግን ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት ያልተቻለ መሆን አለበት፣ የወሰድከው እርምጃም ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት። አንቀጽ 79 ከመጠን ያለፈውን ይመለከታል። ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀል ይችላል፣ ጥፋቱ የመጣው ከድንጋጤ ከሆነ ጭራሽ ላይቀጣህም ይችላል። የወደቀን ሰው በካልቾ መደብደብ ግን መከላከል አይደለም።

ሲያበቃ ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። የተሰካ ቢላ አይነቀልም። የሚደማውን በንጹሕ ነጠላ አጥብቀህ ተጫን፣ እያነሳህ አትይ። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ካስመለሰው፣ ከተወዛገበ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ወይም የአንድ ዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ያን ሌሊት ሪፈራል መድረስ አለበት። «ሰክሮ ነው፣ ይተኛ» የሚሉ ጓደኞችን አትስማ፤ ጭንቅላት ውስጥ ደም እየፈሰሰ ለሰዓታት ደህና መስሎ የሚቆይ ሰው አለ። በማግስቱ የሐኪም ማስረጃ አውጣ፣ ያየውን ሰው ስልክ ቁጥር ያዝ፣ ለፖሊስ ቃልህን ስጥ።

መልመድ ከፈለግህ ጓደኛህን ጥራ። እሱ እየተሳደበ ይግፋህ፣ አንተ እጅህን አንስተህ ወደ ጎን እየሄድክ «ጠብ አልፈልግም» በል፤ አፍህ ላይ እስኪለመድ። ኮሌታህን ይያዝህ። ከኋላ ይቀፍህ። አገጭህን ደረትህ ላይ አድርገህ ሣር ላይ መውደቅን ተለማመድ፣ ከዚያ ተነስቶ ሃምሳ ሜትር መሮጥን። የቦክስ ወይም የጁዶ ክለብ ካገኘህ ግባ፣ በእውነት የሚመታህና የሚጥልህ ሰው ጋር የመጀመሪያ ቀንህ ጂም ውስጥ ይሁን።