24 ልጅ፣ አንድ ሜዳ፦ ታዳጊዎችን በትንንሽ ግጥሚያ እንዴት ማሠልጠን ይቻላል?

የሰፈር ፕሮጀክት የሚያሠለጥን ሰው ቅዳሜ ጠዋት ያለው ነገር ይታወቃል። 24 ልጅ፣ ሦስት አራት ኳስ፣ አንድ አቧራማ ሜዳ። የተለመደው አሠራርም ይታወቃል። ዱብ ዱብ፣ ከዚያ ተሰልፎ ተራ በተራ ጎል መምታት፣ መጨረሻ ላይ 11 ለ 11።

እስቲ በዚያ ግጥሚያ ላይ ክንፍ የቆመውን ትንሹን ልጅ ለአምስት ደቂቃ ብቻ ተከታተሉት። የጫማውን ክር ያስራል፣ ሣር ይነቅላል። ኳሷ ወደ እሱ ስትመጣም ጉልበተኛው ቀድሞት ይወስዳታል። ሜዳ ውሎ ኳስ ሳይነካ ቤቱ ይገባል።

ስለዚህ ልጆቹን አራት አራት አድርጋችሁ ስድስት ቡድን ሥሩ። ሜዳውን ሦስት ቦታ ከፍላችሁ 4 ለ 4 አጫውቷቸው። አንድ ኳስ ለ22 ሳይሆን ለ8 ልጅ ሆነ ማለት ነው። የሚደበቅበት ቦታ ስለሌለ ሁሉም ይነካል፣ ያጠቃል፣ ይከላከላል። አንድ ልጅ ከተረፈ ኳስ ለያዘው ቡድን ሁሉ የሚጫወት ገለልተኛ አድርጉት።

ነገሩ የሚበላሸው የሜዳው ልክ ላይ ነው። ለ9 እና ለ10 ዓመት ልጆች በአዋቂ ረጅም እርምጃ 30 በ20 ለክታችሁ ጀምሩ። 105 በ68 ሜትር የሆነ ትልቅ ሜዳ ላይ ለአንድ ተጫዋች 325 ካሬ ሜትር ገደማ ይደርሰዋል። እዚህ ግን 75 ገደማ ነው። ለልጅ እግር ይሄ ይበቃል።

ግን ለክቶ መተው አይሆንም። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆማችሁ እዩ። ኳሷ በየደቂቃው ከወጣችና ልጆቹ ከተጋጩ ጠቧቸዋል፤ ጎንና ጎኑን ሁለት ሁለት እርምጃ አስፉት። አንዱ ፈጣን ልጅ ኳሷን ወደ ፊት ለግቶ እየሮጠ ብቻ የሚያገባ ከሆነ ረዝሟል፤ ቁመቱን ቁረጡ፣ ስፋቱን አትንኩ። ቶሎ ማቀበልን ማስተማር ስትፈልጉ አጥብቡት። አብዶ ሠርቶ ማለፍን ስትፈልጉ አስፉት። ብዙው አሠልጣኝ በጩኸት ሊያስተምር የሚደክምለትን ነገር ሜዳው ራሱ ያስተምረዋል።

ለምልክት ኮን ከሌላችሁ ባዶ ሃይላንድ አፈር ሞልታችሁ አቁሙ። ድንጋይ አታስቀምጡ፣ ቁርጭምጭሚት ይጨርሳል። ያ መሬት ላይ የሚዘረጋው የቅልጥፍና መሰላል ፎቶ ላይ ያምራል እንጂ በእሱ ዋጋ ኳስ ብትገዙ ይሻላል። ኳሱም ለዚህ ዕድሜ 4 ቁጥር ነው። 5 ቁጥር ለ13 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆይ።

ጎሉ ሁለት እርምጃ ይስፋ፣ በረኛ አይኑር። እዚህ ላይ አንድ ተንኮል ይመጣል። አንዱ ልጅ ጎሉ አፍ ላይ ተተክሎ ይቀራል። ፍቱን መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ሳይሆን ሁለት ጎል መሥራት ነው፣ ግራና ቀኝ ጥግ ላይ። ይሄን ፉኒኞ የሚባል ጨዋታ ያመጣው ጀርመናዊው ሆርስት ቫይን ነው። የሚገርመው ሰውየው መጀመሪያ የሆኪ አሠልጣኝ ነበር። በፉኒኞ 3 ለ 3 ይጫወታሉ፤ ጎል የሚቆጠረውም ከጎሉ መስመር 6 ሜትር ውስጥ ከተመታ ብቻ ነው። በቀኙ ጎል ሰው ሲበዛ ልጁ ቀና ብሎ ግራውን ማየት ግድ ይሆንበታል። ኳሷን ረግጦ፣ ዞር ብሎ፣ ባዶው ጎን ላለው ጓደኛው ሲያቀብል ታያላችሁ። ማንም ሳይነግረው! የጀርመን ፌዴሬሽንም ከ2024/25 የውድድር ዘመን ጀምሮ ለትንንሾቹ ልጆች የትንንሽ ቡድን ጨዋታዎችን ግዴታ አድርጓል።

ሌላው ራስ ምታት የአቅም ልዩነት ነው። ሦስቱን ሜዳዎች 1፣ 2፣ 3 በሏቸው። በየሰባት ደቂቃው ያሸነፈ ቡድን በአንድ ሜዳ ወደ 1 አቅጣጫ ያልፋል፣ የተሸነፈ በአንድ ሜዳ ወደ 3 አቅጣጫ ይወርዳል። ከጥቂት ዙር በኋላ እኩያ ከእኩያው ይገናኛል። አሁንም አንዱ በሦስት ጎል ከተመራ አንድ ልጅ ጨምሩለት።

ኳስ ስትወጣ በእጅ መወርወር የለም፣ በእግር ትግባ። ትርፍ ኳስ ካለ ከጎሉ ጀርባ ይቀመጥ።

ከዚያ ዝም በሉ። «ልቀቅ! አቀብል!» እያሉ መጮህ ልጁን ከሜዳው ይልቅ የአሠልጣኙን ፊት እንዲያይ ያደርገዋል። መናገር ካለባችሁ በእረፍቱ፣ ያውም ጥያቄ አድርጋችሁ፦ «ቅድም ማን ነፃ ነበር?» ወላጆች ከዳር ሆነው የሚጮሁ ከሆነ የወጣ ኳስ የመመለስ ሥራ ስጧቸው።

ወደ ትልቁ ሜዳ መቼ ይሻገሩ? በአሜሪካ ፌዴሬሽን አሠራር እስከ 8 ዓመት 4 ለ 4፣ በ9 እና በ10 ዓመት 7 ለ 7፣ በ11 እና በ12 ዓመት 9 ለ 9፣ 11 ለ 11 ደግሞ ከ13 ዓመት ጀምሮ ነው። ይሄ ለውድድር ነው። ለልምምድ ግን የ15 ዓመቱንም ልጅ 4 ለ 4 አጫውቱት።