የእሁድ ጠዋቷ ፎቶ፦ ተደራራቢ የአልበም ገጽ እንዴት እንደሚሰራ

በየቤታችን የሰርጉና የምርቃቱ ፎቶ አልበም ተገዝቶለታል፣ ትልቁም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የዘወትሩ ኑሯችን ስልክ ውስጥ ነው የቀረው፤ ስልኩ የጠፋ ቀን አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ስክራፕቡክ የሚባለውን፣ ወረቀትና ጨርቅ ደራርቦ ፎቶን ከታሪኩ ጋር የሚያኖር ገጽ ስሰራ፣ ማንም ሳይዘጋጅ የተነሳውን ፎቶ ነው የምፈልገው።

የዛሬው ምሳሌዬ እናቴ በረንዳ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የእህቴን ልጅ ሹሩባ ስትሰራት ነው። ልጅቷ በአያቷ ጉልበቶች መሃል መሬት ላይ ተቀምጣ አይኗን ጨፍናለች። እናቴ ሁለቱም እጆቿ ስለተያዙ ሚዶውን በጥርሷ ነክሳዋለች። ለእኔ ያ ሚዶ ከማንኛውም የስቱዲዮ ፎቶ ይበልጣል።

ፎቶውን ማሳጠብ

ለአንድ ገጽ አንድ ዋና ፎቶና ሁለት ትንንሾች ይበቃሉ። ዋናው የሰዎቹን እጅና ፊት የሚያሳየው ይሁን። ትንንሾቹ ከዚያው ሰዓት የተገኙ ይሁኑ፦ በር ላይ የወለቀው ጫማ፣ ልጅቷ መስታወት ስታይ። ዋናውን 10 በ15 ሴንቲ ሜትር አሳጥቡት፤ ጥርት ብሎ እንዲወጣ ፎቶው ወደ 1,200 በ1,800 ፒክስል ቢኖረው ጥሩ ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ በቴሌግራም የሚልክላችሁ ከሆነ በፋይል መልክ እንዲልከው ንገሩት፤ በተለመደው መንገድ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል።

ቅጂ የሌለውን የድሮ ፎቶ በፍጹም አትቁረጡ፣ ኮላም አታስነኩት። መስኮት አጠገብ አድርጋችሁ፣ ፍላሽ ሳትጠቀሙ አንሱትና ቅጂውን ተጠቀሙ።

ወረቀትና ቀለም

የተለመደው የስክራፕቡክ ገጽ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ካላገኛችሁ ኤ4 ጠንካራ ወረቀት ክላሴር ውስጥ ይገባላችኋል። ቀለሙን ከፎቶው ውስጥ ውሰዱ። በኔ ፎቶ ግድግዳው የደበዘዘ ክሬም ነው፣ መሠረቱን ክሬም አደረግኩት። የልጅቷ ሹራብ ቀይ ስለሆነ ቀይ አንድ ቦታ ብቻ፣ ጣት በምታህል ቁራጭ ገባ። ቀዩን ቢያበዙት አይን ከፊቷ ላይ ይሸሻል።

ጋዜጣ ቆርጦ መለጠፍ ያምራል፣ ግን የጋዜጣ ወረቀት ቶሎ ይወይባል፣ አጠገቡ ያለውንም ያበላሻል። የሱቅ ደረሰኝም ጽሑፉ እየደበዘዘ ይጠፋል። ሁለቱንም ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ቅጂውን ለጥፉ። ከተገኘ አሲድ የሌለው፣ ቶሎ የማይወይብ ወረቀት ግዙ።

ድርደራው

ጊዜ የሚወስደው እዚህ ጋ ነው፤ አትቸኩሉ። ኮላውን ከጠረጴዛው አርቁት።

ከመሠረቱ ላይ አነስ ያለ፣ 20 በ25 የሚሆን ሁለተኛ ወረቀት ከመሃል ትንሽ ወደ ግራ አስቀምጡ። በላዩ በእጅ የተቀደደ ቁራጭ ይምጣ። ላዩ ብቻ ቀለም ያለውን ወረቀት ወደ ራሳችሁ ስባችሁ ስትቀዱት ነጭ ጠርዝ ይወጣዋል፤ ያ ነጭ መስመር ንብርብሩን ለአይን ይለየዋል። ቀጥሎ ጨርቅ። እኔ ያረጀ የእናቴን ነጠላ ጥለት ሁለት ጣት ያህል ቆርጬ በፎቶው ስር በአግድም አሳለፍኩት። ከዚያ ፎቶው፣ ዙሪያውን 4 ሚሊ ሜትር በሚተርፈው ወረቀት ላይ ተደርጎ። እያንዳንዱ ንብርብር ከላይኛው ስር ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር ይግባ፤ ጠርዝ ለጠርዝ ብቻ ከተነካኩ የተበተኑ ይመስላሉ። ትንንሾቹን ፎቶዎች አንድ ላይ ወደ አንድ ጥግ ሰብስቧቸው፤ ተቃራኒው ጥግ ባዶ ይቆይ፣ ለጽሑፍ ይፈለጋል።

አሁን በስልክ አንሱትና ምስሉን እዩ። ጠረጴዛው ላይ የማይታይ ጉድለት ስልኩ ላይ ወዲያው ይታያል። እኔ አሳድሬው ጠዋት ነው የምወስነው።

ማጣበቅ

ከታች ወደ ላይ ሂዱ። ፈሳሽ ኮላ ወረቀቱን ያርሰውና ሲደርቅ ያጨማድደዋል፤ የመጀመሪያ ገጼ እንደ ቆርቆሮ ተጨማድዶ ቀርቷል። በሁለት በኩል የሚጣበቅ ፕላስተር ይሻላል። የጥለቱን ጫፎች ወደ ጀርባ አጥፋችሁ ያዟቸው፣ ክሩ አይተረተርም። ፎቶው ከፍ እንዲል አንድ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው የካርቶን ቁራጮች ከስሩ አድርጉ፣ ከጠርዙ ወደ ውስጥ ገባ ብለው እንዳይታዩ። አንድ ንብርብር ካርቶን ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ አልበሙ አይዘጋም። ትኩስ አበባ፣ ቡና ፍሬ፣ እህል የመሳሰለውን አትለጥፉ፤ ነፍሳት ይጠራል።

ጽሑፉ

ቀኑን በኛ አቆጣጠር ጻፉት፤ ስልኩ የሚያስቀምጠው የፈረንጁን ነውና ልጆቹ ሁለቱንም ቢያገኙ ጥሩ ነው። እኔ "እሁድ፣ ኅዳር 16 ቀን 2016 ዓ.ም." ብዬ ከስሩ በትንሹ የፈረንጁን ጨመርኩ። ከዚያ ማን እንደሆኑ፣ ከዚያም ፎቶው ሊናገር የማይችለውን፦ የተባለውን ቃል። እናቴ በዚያ ጠዋት ደጋግማ "ተይ አትነቃነቂ፣ መስመሩ ይጣመምብኛል" ትላት ነበር።

ይህን ራሴ ልጽፈው ነበር፤ ከዚያ እስክሪብቶውን ለእናቴ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ፣ በተለየ ወረቀት ላይ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለቀመች ጻፈችው። መስመሩ ወደ ቀኝ ዘመም ብሏል። እንዳለ ቆርጬ ባዶው ጥግ ላይ ለጠፍኩት።

ገጹን ፒቪሲ (ፎቶን የሚያበላሽ የፕላስቲክ ዓይነት) ባልሆነ ግልጽ ላስቲክ ውስጥ ክተቱትና ፀሐይ ከማያገኘው መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት።