ጊንጥ ሲነድፍ ለምን እንደዛ ያንገበግባል፣ ምንስ ይደረግ

ጊንጥ እጅህን ከነደፈህ ቀለበት ካለህ ቶሎ አውልቅ፣ በሳሙና እጠበው፣ ከዛ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለህ 10 ደቂቃ ያዝበት፣ አንሳና ደግመህ ያዝበት። ብዙ ጊዜ እብጠቱ ትንሽ ሆኖ ህመሙ ግን ያስጮሃል፣ ምክንያቱም መርዙ ነርቭ ላይ ያሉትን የሶዲየም በሮች (ሶዲየም የሚባለው ንጥረ ነገር ሲገባባቸው ነርቩ ሲግናል የሚልክባቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች) እንዳይዘጉ ስለሚይዛቸው ነርቩ የህመም ሲግናሉን ዝም ብሎ ይደጋግመዋል፤ ሃኪም ቤት የሚወጉህ ሊዶካይን የሚባለው ማደንዘዣ ደግሞ እነዚሁን በሮች ነው የሚዘጋው። (አሜሪካ በረሃ ያለች አንድ አይጥ አለች፣ ባርክ ስኮርፒዮን የሚባለው ጊንጥ ሲነድፋት መርዙ ራሱ ህመሟን ያደነዝዝላታል፣ እኛ አልታደልንም!) በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ ጥብቅ አርጎ ማሰር የሚባለውን ተወው። የተነደፈው ህፃን ከሆነ፣ ወይ ለሃጭ ከበዛ፣ ዓይን ከተንከራተተ፣ ሰውነት ከተንዘፈዘፈ፣ ትንፋሽ ካጠረ በረዶ ምናምን ሳትል ቀጥታ ሃኪም ቤት።