ድሬ ላይ ጉቦ ሲጠየቁና አቤት ሲሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሳቢያንም ይምጣ ከገንደ ቆሬ፣ ከከዚራም ይነሳ ከመጋላ፣ ስለ ቦታው፣ ስለ ንግድ ፈቃዱ ወይም ስለ ግብሩ አቤት ብሎ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ብዙውን ጊዜ እውነቱን ይዞ ወረቀቱን ያልያዘ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ባለሥልጣንም ኃላፊነቱን ሲያጓድል እንዲጠየቅ ያዛል። ይህ ድንጋጌ በቀበሌ መስኮት ላይ ሥራ የሚሠራው ግን ባለጉዳዩ ቀን፣ ቁጥርና ፊርማ ሲኖረው ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች ጥሩ ጉዳይ ያላቸውን ሰዎች ደጋግመው የሚጥሉ ናቸው።

በቃል ብቻ አቤት ማለት

ከሁሉም የከፋው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንየው። «ለኃላፊው ነግሬዋለሁ፣ አያለሁ ብሎኛል» የሚል አቤቱታ ከሁለት ወር በኋላ የትም አይገኝም። ኃላፊው ይዛወራል፣ ጸሐፊዋ ትቀየራለች፣ አዲሱ ሰው «እኔ የማውቀው ነገር የለም» ይላል፤ እውነቱንም ሊሆን ይችላል።

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ። ለኃላፊው በእጅ አይስጡ፤ መዝገብ ቤት ይሂዱ። አንዱ ቅጂ ገቢ ሆኖ ቁጥርና ቀን ሲጻፍበት፣ በእጅዎ በሚቀረው ላይም ያው ቁጥር፣ ያው ቀንና የተቀባዩ ፊርማ ወይም ማኅተም እንዲሰፍር ይጠይቁ። «ይህ አያስፈልግም፣ ቀጥታ ለእሳቸው ስጪ» ከተባለ ማመልከቻው ሊቀበር መንገድ ጀምሯል ማለት ነው። መዝገብ ቤቱ አልቀበልም ካለ አይጨቃጨቁ። አንድ ሰው ይዘው ይመለሱና ደግመው ይጠይቁ፤ አሁንም እምቢ ካለ በቅጂዎ ጀርባ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ማን እንደከለከለዎ ጽፈው አብሮዎት ያለው ሰው ይፈርምበት። ከዚያ ማመልከቻውን በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላኩት፤ የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ ማመልከቻው መላኩን ይመሰክራል።

ዋናውን ሰነድ ጨርሶ አያስረክቡ። ካርታም ይሁን ውል፣ የግብር ደረሰኝም ይሁን የቀበሌ መታወቂያ፣ የሚገባው ፎቶ ኮፒ ነው። ሠራተኛው ዋናውን አይቶ ኮፒው ላይ «ከዋናው ጋር ተገናዝቧል» ብሎ ይፈርም፤ ዋናው በእጅዎ ይመለስ። «ፋይሉ ጠፋ» የሚለው ቃል የሚያስደነግጠው ሌላ ቅጂ የሌለውን ሰው ብቻ ነው።

ድሬ ላይ ትልቅ ትንሹ «አንተ» ይባባላል፣ ማንም አይከፋም። ማመልከቻ ላይ ግን ይህ ወግ አያምርም። ወረቀቱን የሚያነቡት ሰዎች ከሌላ ቦታ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉና አክብሮቱን ጠብቀው ይጻፉ።

የሚገባዎትን ሳያውቁ መሰለፍ

ብዙ መሥሪያ ቤቶች ግድግዳ ላይ የዜጎች ቻርተር የሚባል ሰሌዳ ወይም ወረቀት አለ። በእያንዳንዱ አገልግሎት ፊት ለፊት ሦስት ነገሮችን ይነግርዎታል፤ ምን ማሟላት እንዳለብዎ፣ ስንት ሰዓት ወይም ስንት ቀን እንደሚወስድና ስንት ብር እንደሚከፈል። ሰልፍ ከመያዝዎ በፊት ያንብቡት፣ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። በሦስት ቀን ያልቃል የተባለ ጉዳይ ሦስት ሳምንት ሲፈጅ «ዘገየብኝ» ማለት ስሞታ ነው፤ «በቻርተራችሁ በ3 ቀን ይላል፣ በገቢ ቁጥር ይህን ያህል ያቀረብኩት ግን 21 ቀን ሆነው» ማለት ግን መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ ነው። ሰሌዳው ካልተሰቀለ ራሱ አለመሰቀሉ የመጀመሪያው ቅሬታዎ ይሁን።

ከተጻፈው ዋጋ በላይ ከተጠየቁ ክፍያው የምን እንደሆነ ይጠይቁ፣ ቁጥር የታተመበት የመንግሥት ደረሰኝ ይቀበሉ። ደረሰኝ የማይቆረጥለት ብር ወደ መንግሥት ካዝና አይገባም።

ጉዳይ ገዳይ ቀጥሮ እጄ ንጹሕ ነው ማለት

ቢሮው በር ላይ የሚቆመው፣ ስልክ ይዞ «ውስጥ ሰው አለኝ» የሚለው ሰው ከእርስዎ ብር ተቀብሎ ለማን እንዳካፈለ አያውቁም። በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ግን ጉቦ የሚቀበል ብቻ ሳይሆን የሚሰጥም፣ የሚያቀባብልም ይጠየቃል። «የሻይ» መባሉ ስሙን እንጂ ወንጀሉን አይለውጠውም።

ሌላም ጉዳት አለው። አንዴ ከከፈሉ በኋላ አቤት ለማለት አፍዎ ይያዛል፤ ጠያቂውም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ትልቁ ነገር ጊዜው ነው። ማመልከት ያለብዎ ከመክፈልዎ በፊት ነው። ገንዘብ ሲጠየቁ አይጩኹ፣ አይስማሙም። «አስቤበት እመለሳለሁ» ብለው ይውጡና እዚያው ውጭ ላይ የተባለውን ቃል በቃል፣ መጠኑን፣ ሰዓቱን፣ የመስኮቱን ቁጥር፣ በአካባቢው የነበሩትን ሰዎች ይጻፉ። በዚያው ቀን ለፖሊስ ወይም ለፀረ ሙስና ኮሚሽን ያመልክቱ። እጅ ከፍንጅ መያዝ የሚቻለው ገንዘቡ ገና እጅ ሳይቀይር መርማሪዎች ካወቁና የብር ኖቶቹን ቁጥር አስቀድመው ከመዘገቡ ነው። በራስዎ ወጥመድ ለማጥመድ አይሞክሩ፤ ሳያሳውቁ የሰጡት ብር ጉቦ ሰጪ እንጂ ጠቋሚ አያደርግዎትም።

በፍሬ ነገር ፋንታ ስድብ መጻፍ

«ይህ ሌባ፣ ዘመዶቹን የሰበሰበ፣ የሕዝብ ደም መጣጭ» ብሎ የሚጀምር ማመልከቻ ንዴቱ ይገባናል፤ ነገር ግን መርማሪ የሚይዘው ነገር የለውም። የማይረጋገጥ ውንጀላ ደግሞ ዞሮ በእርስዎ ላይ የስም ማጥፋት ወይም የሐሰት ክስ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን በምሳሌ ብናየው እንዲህ ነው፤

«ኃላፊው ጉቦኛ ነው» ከማለት፣ «ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡30 ላይ በ4ኛው መስኮት ያለው ሠራተኛ ‹5 ሺህ ብር ካላመጣህ ፋይልህ አይወጣም› አለኝ። ከኋላዬ ሁለት ባለጉዳዮች ነበሩ። የማመልከቻዬ ገቢ ቁጥር ይህ ነው።»

ሁለተኛው አንድም ስድብ የለውም፤ መርማሪ ግን የዕለቱን የሥራ መዝገብ ማየት፣ በመስኮቱ ማን እንደነበር መጠየቅ፣ ፋይሉ የት እንደቆመ መፈለግ ይችላል። ያዩትን «አየሁ»፣ የሰሙትን «ከእገሌ ሰማሁ» ብለው ለይተው ይጻፉ። የሁለቱ መደባለቅ እውነተኛውንም ክፍል ያስጥላል። አንድ ገጽ፣ ቢበዛ ሁለት ገጽ ይበቃል።

ዐረፍተ ነገር ማስተካከል የሚከብደው ሰው፣ ወይም ከአማርኛ ይልቅ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ የሚናገር ሰው ዝም ማለት የለበትም። የአስተዳደር በደል አቤቱታ የሚሰማው እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ በቃልም ይቀበላል፤ ክፍያም አይጠይቅም። የተጻፈለትን እንዲነበብለት ጠይቆ፣ ከተስማማ በኋላ ይፈርም።

የተሳሳተ በር ማንኳኳት፣ ወይም ሁሉንም በር አንድ ቀን ማንኳኳት

አንድ ማመልከቻ ለከንቲባው፣ ለፖሊስ፣ ለእንባ ጠባቂ፣ ለፀረ ሙስናና ለሬዲዮ ጣቢያ በግልባጭ መላክ ብርቱ የሆነ ያስመስላል። በተግባር ግን እያንዳንዱ ሌላው ይዞታል ብሎ ያስቀምጠዋል። ጉዳይዎ የትኛው እንደሆነ መጀመሪያ ይለዩ።

መዘግየት፣ ማጉላላት፣ ያለ ምክንያት መከልከል የአስተዳደር በደል ነው። መጀመሪያ ለራሱ ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያ ለበላይ ኃላፊው፣ መልስ ካጡ ወይም መልሱ ካላረካዎ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ያቀርባሉ። ተቋሙ ድሬዳዋ ላይ ቅርንጫፍ አለው። ወደዚያ ሲሄዱ የመጀመሪያ የሚጠየቁት በየደረጃው ያቀረቡትን ማመልከቻና የተሰጠዎትን መልስ ስለሆነ፣ የገቢ ቁጥር ያላቸውን ቅጂዎች ይዘው ይሂዱ።

ገንዘብ መጠየቅ፣ የሕዝብ ንብረት መውሰድ፣ ሐሰተኛ ሰነድ መሥራት ግን ሙስና ነው፣ በሩም ሌላ ነው። እዚህ ላይ የድሬዳዋ ልዩ ሁኔታ ሰውን ያሳስታል። የቀበሌ፣ የመሬትና የከተማው ጽሕፈት ቤቶች ጉዳይ የአስተዳደሩ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ነው። ጉምሩክ፣ ዩኒቨርሲቲውና ሌሎች የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በከተማው ውስጥ ቢገኙም የፌዴራሉ ኮሚሽን ጉዳይ ናቸው። ሐረር ላይ ደግሞ የክልሉ መሥሪያ ቤት ነገር ወደ ሐረሪ ክልል ኮሚሽን ይሄዳል። ኮሚሽን ጥቆማ ተቀባይ ነው፤ የወንጀሉን ምርመራ ፖሊስ፣ ክሱን ዐቃቤ ሕግ ይይዘዋል። ስለዚህ «ኮሚሽኑ እስካሁን አልከሰሰውም» ብሎ ተስፋ ከመቁረጥ ጥቆማው ለየትኛው መርማሪ፣ በምን ቁጥርና በየትኛው ቀን እንደተላለፈ መጠየቅ ይሻላል።

ፌስቡክን ወይም በርጫን ማስቀደም

ከቀትር በኋላ በርጫ ላይ፣ ጫት ሲቃም የሚወራው እገሌ ሁለት ፎቅ ሠራ፣ እገሌ ሦስት ባጃጅ ገዛ የሚል ነገር ለመርማሪ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይሆንም። በስልክ ቀድሞ መለጠፍ ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ የተጠረጠረው ሰው በማግስቱ ሰነዱን ያስተካክላል፣ ገንዘቡን ያሸሻል። መጀመሪያ ያመልክቱ።

ስለ ባለሥልጣን ሀብት መጠየቅ ከፈለጉ ወሬ አያስፈልግም። በአዋጅ ቁጥር 668/2002 መሠረት የሚመለከታቸው ተሿሚዎች፣ ተመራጮችና ሠራተኞች ሀብታቸውን ያስመዘግባሉ፤ የተመዘገበውን ሀብት ሕዝብ ጠይቆ ሊያውቅ ይችላል።

«ሪፖርት አሳዩን» ብሎ መጠየቅ

ይህኛው ስህተት ሥራ የሚወዱ ሰዎችን፣ የሰፈር ኮሚቴዎችንና ወጣቶችን ይይዛቸዋል። የብዙኃን መገናኛና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 በመንግሥት መሥሪያ ቤት እጅ ያለውን መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ጥያቄው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ይቀርባል፣ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። እምቢ ከተባለ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያ ለእንባ ጠባቂ አቤት ይባላል። ብዙ ጥያቄዎች የሚከሽፉት ግን ገና ሲጻፉ ነው። «ስለ መንገዱ መረጃ ስጡን» ካሉ አንድ ብሮሹር ይሰጥዎታል።

በሰፈራችሁ የኮብልስቶን መንገድ ተነጥፏል እንበል። ሦስት ሰነዶችን በስማቸው ይጠይቁ፤ ከሥራ ተቋራጩ ጋር የተፈረመውን ውል፣ የሥራ ዓይነት፣ መጠንና ነጠላ ዋጋ ዝርዝሩን፣ የመጨረሻ ርክክብ ሰነዱን። ከዚያ ሜትር ይዘው ይውጡ። ዝርዝሩ 200 ሜትር ርዝመትና 6 ሜትር ስፋት ካለ 1200 ካሬ ሜትር ተከፍሎበታል። እናንተ ስትለኩ 188 ሜትር በ5.6 ከሆነ 1052.8 ካሬ ነው፤ 147.2 ካሬ ሜትር የት ገባ? ስፋቱን አንድ ቦታ ብቻ አትለኩ፤ በየ20 ሜትሩ ለክታችሁ አማካዩን ያዙ፣ አለበለዚያ «ጠበብ ያለው ቦታ ላይ ነው የለካችሁት» ትባላላችሁ። የልኬቱን ቀንና የለኩትን ሰዎች ስም መዝግባችሁ ፈርሙ፤ ለጥፋት ፈላጊነት ሳይሆን ለማጣራት እንደለካችሁም ጻፉ፤ በውሉ ማሻሻያ መጠኑ በሕጋዊ መንገድ ቀንሶ ሊሆን ይችላልና የማሻሻያ ሰነድ ካለም አብራችሁ ጠይቁ።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ያልተሠራ ሥራ ተሠርቷል ተብሎ ክፍያ የመፈጸሙ አደጋ ከፍ ይላል። ለመለካትም ለመጠየቅም ከርክክብ በፊት ያለው ሳምንት ከርክክብ በኋላ ካለው ዓመት ይበልጣል።

በፍርሃት፣ ስም ሳይጽፉ ባዶ ጥቆማ መስጠት

ስም ሳይገልጡ መጠቆም ይቻላል። ስም የሌለው ጥቆማ ግን ተመልሶ የሚጠየቅ ሰው ስለሌለው ዝርዝሩ ሁለት እጥፍ መሆን አለበት፤ የሰነድ ቁጥር፣ ቀን፣ ሰነዱ የሚገኝበት ክፍል። ስለ ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 699/2003 ጥበቃ የሚያደርገው በ10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም በሞት ሊያስቀጡ በሚችሉ ወንጀሎች ነው፤ ቤተሰብንም ይጨምራል። ትንሽ ጉቦ እዚህ ውስጥ ላይገባ ይችላል። ስለዚህ ቃልዎን ከመስጠትዎ በፊት ጉዳይዎ በዚህ አዋጅ ይሸፈን እንደሆነ ተቀባዩን ይጠይቁ።

ጉዳዩ ሲያልቅ አቤቱታውን ማንሳት

አቤቱታው መንገድ ሲይዝ ለወራት የቆመው ካርታ በድንገት በሁለት ቀን ይወጣል። ከካርታው ጋር አንድ አጭር ወረቀት ይቀርባል፤ «ቅሬታዬን አንስቻለሁ፣ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል። ሰው ደስ ስላለው ሳያነብ ይፈርማል። አገልግሎት ማግኘትዎና ጉቦ እንዲሰጡ መጠየቅዎ ግን ሁለት ጉዳዮች ናቸው። ካርታውን ይቀበሉ፣ ለመቀበልዎም ይፈርሙ፤ ከፊርማዎ በላይ ግን በራስዎ እጅ ጽሑፍ ይህን ይጨምሩ፤ «ካርታዬን ተረክቤአለሁ። ገንዘብ እንድሰጥ ስለመጠየቄ ያቀረብኩት ጥቆማ ግን እንደጸና ነው።»