ስታቲክ ወይስ ዳይናሚክ ራውቲንግ? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ዋና ቢሮ፣ ኮምቦልቻ መጋዘን፣ ሐይቅ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት ኔትወርክ ሲዘረጋ ክርክሩ ሁሌም ያው ነው። ዳታው የሚሄድበትን መንገድ በእጅ እንጻፈው (ስታቲክ) ወይስ ዳታውን የሚመሩት መሣሪያዎች፣ ራውተሮቹ፣ ራሳቸው ተነጋግረው ይምረጡት (ዳይናሚክ)? ሐይቅ ያለው አንድ መስመር ብቻ ከሆነ ስታቲክ ይበቃዋል። ሌላ መሄጃ ከሌለ የሚመረጥ ነገር የለም። ጣጣው የሚመጣው እንደ ኮምቦልቻ ዋና ፋይበርና መጠባበቂያ ራዲዮ ሲኖር ነው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ስህተት "መስመሩ ሲቆረጥ ስታቲኩ ራሱ ይጠፋል" ብሎ መተማመን ነው። ራውተሩ የሚያየው የራሱን ፖርት (ገመዱ የሚሰካበትን ቀዳዳ) ነው። ፋይበሩ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ቢቆረጥም፣ ከራውተሩ እስከ ግድግዳው ኮንቨርተር (ፋይበሩን ወደ ተራ ገመድ የሚቀይረው ሳጥን) ያለው አጭር ገመድ ደህና ነው። መብራቱ አረንጓዴ ነው። የመናኸሪያው በር ክፍት ስለሆነ ብቻ አውቶብሱን እንደ መልቀቅ ነው፤ መንገዱ ታች ተዘግቷል። ዳታው እየሄደ ይቀራል፣ ራዲዮው ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። ስለዚህ የሩቁን ጫፍ በየጊዜው ፒንግ የሚያደርግ ("አለህ?" ብሎ መልስ የሚጠብቅ) ክትትል ከስታቲኩ ጋር እሰሩ። ራውተሮች ከሚነጋገሩባቸው የዳይናሚክ ዘዴዎች አንዱ የሆነው ኦኤስፒኤፍ (OSPF) ይሄን በራሱ ይሠራል። በተለመደው ቅንብር በየ10 ሰከንዱ ሰላምታ ይልካል፤ ጎረቤቱ ለ40 ሰከንድ ዝም ካለ ሌላ መንገድ ይይዛል።

ሁለተኛው ስህተት ሁለቱን ሲቀላቅሉ ቁጥሩን መርሳት ነው። ሲስኮ ራውተር ላይ የስታቲክ ርቀት (ራውተሩ የትኛውን ምንጭ እንደሚያስቀድም የሚወስን ቁጥር) 1፣ የኦኤስፒኤፍ 110 ነው። ትንሹ ያሸንፋል። መጠባበቂያውን በስታቲክ ጽፋችሁ መጨረሻው ላይ ለምሳሌ 200 ካልጨመራችሁ፣ ሁሉም ነገር በቀርፋፋው ራዲዮ ይሄዳል።

የመመለሻውን መንገድ አትርሱ። ደሴ ላይ ብቻ ከጻፋችሁ ጥያቄው ይደርሳል፣ መልሱ አይመጣም።

"ቀላል ነው" ብሎ ሌላውን የዳይናሚክ ዘዴ፣ ሪፕን (RIP)፣ መምረጥም አልወድም። የሚቆጥረው በመሃል ያሉትን ራውተሮች ነው፤ ፋይበርና ራዲዮ ለእሱ እኩል ናቸው። ኦኤስፒኤፍም ቢሆን ዝም ብሎ አይታመንም። መንገድ የሚመርጠው በዋጋ ነው፤ ዋጋው የሚሰላው የፍጥነት መነሻ የሚባለው ቁጥር ለፖርቱ ፍጥነት ተካፍሎ ነው። ሲስኮ ላይ በተለመደው ቅንብር መነሻው 100 ሜጋቢት ስለሆነ፣ ባለ 100 ሜጋቢትና ባለ 1 ጊጋቢት ፖርት ሁለቱም ዋጋቸው 1 ይሆናል። መነሻውን ሁሉም ራውተር ላይ አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ከፍ አድርጉት።

ስትፈትኑ ደግሞ ገመዱን ከራሳችሁ ራውተር አትንቀሉ። እሱን ስታቲክም ያያል። ኮምቦልቻ ያለው ባልደረባችሁ ፋይበሩን በእሱ በኩል ይንቀል፣ እናንተ ደሴ ሆናችሁ ሰዓት ያዙ።