የጦስኝን ዘይት በቤት ድስት እንዴት እናወጣለን?

ጦስኝን በሻይ የማያውቅ የለም፣ ሽሮና በርበሬ ውስጥም ይገባል። ሽታው የሚመጣው ቅጠሉ ላይ ካሉ ጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች ነው። ዘይቱን ለብቻው ማውጣት እንደሚወራው ከባድ አይደለም፤ አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ግማሹን ሥራ ያውቀዋል።

መጀመሪያ ጦስኙ። ከመንዝ እስከ ባሌ ደጋው ላይ ይበቅላል። ሲያብብ በማጭድ ከላይ ከላይ ቁረጡት እንጂ ከነሥሩ አትንቀሉት፤ ለገበያ እየተባለ ከነሥሩ የሚመነገለው ነገር በጣም ነው የሚያናድደኝ። ከዚያ ጥላ ላይ አድርቁት። ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት ዘይቱ ተንኖ ሰፈሩን ሲያውድ ይውላል፣ ለእናንተ ጭራሮ ይቀራል።

ትልቅ ድስት መሃል ንጹሕ ድንጋይ አስቀምጡ፣ በላዩ የብርጭቆ ሳህን። ጦስኙን ዙሪያውን በትኑና ውሃ ጨምሩ፣ ድንጋዩን ግን አይለፈው። ክዳኑን ገልብጣችሁ ግጠሙት፤ እጀታው ወደ ሳህኑ ይይ፣ ጠብታው በሱ ላይ ወርዶ እንዲገባ። ጠርዙን በሊጥ አሽጉ፣ ክዳኑ ላይ በረዶ ሙሉበት። ሲቀልጥ ቀይሩት።

እሳቱን አታብዙ። ቲሞል የሚባለው የጦስኝ ንጥረ ነገር ብቻውን የሚፈላው 232 ዲግሪ ላይ ነው፣ ከውሃ እንፋሎት ጋር ሲሆን ግን ከ100 ዲግሪ በታች ተያይዞ ይወጣል፤ ስለዚህ መቸኮል ትርፉ ማሳረር ነው። ከፈላ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል በቂ ነው። ውሃው እንዳይደርቅ!

ሳህኑ ውስጥ ደፍረስ ያለ ውሃ፣ ላዩ ላይ ደግሞ ቢጫ የዘይት ጠብታ ታያላችሁ። ጠባብ ብልቃጥ ውስጥ አሳድሩትና የተንሳፈፈውን በሲሪንጅ ሳቡት። ከ100 ግራም ደረቅ ጦስኝ አንድ ሚሊ ሊትር ካገኛችሁ እሰየው ነው፣ በድስት ብዙ ጊዜ ከዚያም ያንሳል። ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጡት።

ዘይቱ ውስጥ በብዛት የሚገኙት ቲሞልና ካርቫክሮል ናቸው። የአቶሞቻቸው ዓይነትና ብዛት አንድ ነው፣ ልዩነቱ አንዷ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን የተለጠፉበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። የአንዱ አካባቢ ጦስኝ ቲሞል ይበዛበታል፣ የሌላው ካርቫክሮል። ሁለቱም የባክቴሪያንና የፈንገስን ሽፋን ያፈርሳሉ፣ ለዚህ ነው ላብራቶሪ ውስጥ ጥሩ ውጤት የሚያሳዩት። ግን ላብራቶሪ ሳህን ላይ ያለ ባክቴሪያና ሆዳችን ውስጥ ያለው ለየቅል ነው፣ «ተፈጥሯዊ ነው» ብሎ ጠብታውን መጠጣት አጉል ድፍረት ነው።

ቆዳ ላይም ሳይበረዝ ያቃጥላል። በ100 ሚሊ ሊትር የኑግ ወይም የሰሊጥ ዘይት አንድ ሚሊ ሊትር ይበቃል፣ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ደግሞ ጭራሽ ይቅር። የተረፈውን ጥሩ መዓዛ ያለው ውሃ አትድፉት፣ ወለል ስትወለውሉ ጨምሩት።